ሄዶ የተመለሰው ትኩሳት

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደላንታ፣ ከወገልጤና ነው። የ15 ዓመት ልጄ የቆሎ ተማሪ ነው። በዚህ ክረምት ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ጥሎት ከጎጆው አመጡልኝ። በአምስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ለቀቀው። እግዜር ማረልን ስንል፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ጣለው። ልብሱ ቅማል በቅማል ነው። ከበግ ደበሎው ይሆን የመጣበት? ክኒን ገዝቼ ልስጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክኒኑን ይተዉትና ልጁን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ክረምት፣ የተጨናነቀ ጎጆ፣ ቅማል፣ ሄዶ የሚመለስ ትኩሳት! እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የትኩሳት ግርሻን ነው። ተስቦም በቅማል ስለሚመጣ መለየቱን ለባለሙያ ይተዉ። ደሙ ትኩሳቱ ሳይለቀው ይወሰድ። ቦሬሊያ የሚባለው የግርሻ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ በደንብ የሚታየው ያኔ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱም ሊብስ ይችላል። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚመጣ ነው። በነርስነት ስሠራ «መርፌው ልጄን ሊገድለው ነው» ብላ ልጇን አዝላ ልትወጣ የተነሳች እናት ይዤ አስቀርቻለሁ። አደገኛው ሰዓት እሱ ነው፤ እዚያው ተኝቶ ይጠበቅ።

በጉ የለበትም። የበግ ቅማል ሰው ላይ አይኖርም፤ ይህን በሽታ የሚያመላልሰው የሰው የልብስ ቅማል ብቻ ነው። እሱም በዋናነት በመንከስ አይደለም የሚያስተላልፈው። ሲጨፈለቅ ከውስጡ የሚወጣው ባክቴሪያ በታከከ ቆዳ ወይም በዓይን ይገባል። እኛ ደግሞ ቅማል የምንገድለው በጥፍራችን ነው! እባክዎ፣ በጥፍር መግደሉ ይቅር።

ሻርል ኒኮል የተባለው ሐኪም ቱኒስ ውስጥ፣ በ1909 እ.ኤ.አ.፣ ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን አረጋግጧል። ፍንጭ የሆነው፣ ሕመምተኞቹ ሆስፒታል ገብተው ታጥበው ልብስ ከቀየሩ በኋላ በሽታውን ለሌላ አለማስተላለፋቸው ነው። ስለዚህ ልብሱንና ጋቢውን ቀቅሉት፤ ስፌት ስፌቱን በካውያ ተኩሱት። ደበሎው አይቀቀልም፤ በማዳበሪያ ከረጢት ጠበቅ አድርጎ አስሮ 2 ሳምንት ማቆየት ነው።

ለየኔታም ዛሬውኑ ይንገሯቸው። የጎጆ ጓደኞቹ ልብስ በአንድ ቀን ካልተቀቀለ፣ ልጅዎ ድኖ ሲመለስ ቅማሉ እዚያው ይጠብቀዋል። ከመካከላቸው ትኩሳት የያዘው ካለም አብሮ ይታከም።