ጥያቄ፦ እኩለ ቀን ላይ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ ጉሬዛም ድኩላም አላየሁም፤ ለምን?

መልስ፦ እኩለ ቀን ላይ ስለገባህ ነው። ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ግባ።

1. ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ይጮኻል። ድምፁን ተከትለህ ዝግባና ጽድ አናት ላይ ነጭ ጭራ ፈልግ። ቀትር ላይ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያርፍ ከሥሩ ብታልፍም አታየውም።

2. የምኒልክ ድኩላ ብቻውን የሚሄድ፣ ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል እንስሳ ነው። ደኑ ከሣር ሜዳ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ቁም፤ ነፋሱ ወደ አንተ ይንፈስ። እንደ ውሻ ከጮኸ አይቶሃል፤ አትከተለው፣ ባለህበት ቁም።

ግዙፎቹን ጽዶች ሳታይ አትመለስ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከሉ ይነገራል፤ እኔ ከእንስሳቱ እኩል የምወዳቸው እነሱን ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ወደ ወጨጫ ተራራ ከወጣህ ከቀትር በፊት መውረድ ጀምር። ከሰዓት በኋላ ጉም ከወረደ መንገዱ ይጠፋል፣ በክረምት ደግሞ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው።