«ጠብቂ» ቢሉሽም ቀኑ አይጠብቅሽም

ሰላም እህቴ። ሜሪላንድ ሆቴል ውስጥ እንደምትሠሪ፣ የሱፐርቫይዘርነቱን ቦታ አንቺው ሥራ ያስለመድሻት ልጅ እንዳገኘችው፣ ማናጀሩም «አክሰንትሽ ለእንግዳ አይመችም» እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። ስምንት ወር ሆነው። የሆቴሉ የሰው ኃይል ክፍል፣ ኤችአር፣ «እያየነው ነው፣ ጠብቂ» ይልሻል። የብዙ ሰው ክስ ውድቅ ይደረጋል ሲባል ሰምተሽ ልተወው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው፣ ግን ደግሞ አትጠብቂ። ስንቱ ክስ በደሉ ጭራሽ ሳይታይ በቀን ብቻ ይወድቃል! ሥራ ላይ አድልዎን በሚከለክለው በ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ለመክሰስ መጀመሪያ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ ኢኢኦሲ ለሚሉት፣ አቤቱታ ማስገባት ግድ ነው። ጊዜው በደሉ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ ሜሪላንድን በመሰለ አድልዎን የሚመለከት የራሱ መሥሪያ ቤት ባለው ስቴት 300። ስለዚህ የቀረሽ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ለኤችአር ማመልከትሽ ቆጠራውን አያቆመውም። ኮሚሽኑ «መክሰስ ትችያለሽ» የሚል ደብዳቤ ሲሰጥሽ ደግሞ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለሽ 90 ቀን ነው።

ሊሊ ሌድቤተር የጉድይር ጎማ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ለዓመታት ከወንዶቹ ያነሰ ሲከፈላት ኖሮ ጁሪ ፈርዶላት ነበር፤ በ2007 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታሽ ዘግይቷል ብሎ መለሳት። ኮንግረስ በ2009 ሕጉን አስተካክሏል፣ ማሻሻያው ግን የክፍያ ጉዳይ ስለሆነ ለፕሮሞሽን አትመኪበት።

ሌላው፣ ዳኛ የሚፈልገው «ናቁኝ፣ በደሉኝ» የሚል ቃል ሳይሆን በደሉ በትውልድ አገርሽ ምክንያት የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው። አለቃ ክፉ ስለሆነ ብቻ ሕግ ጣሰ አይባልም። አንቺ ጋ ግን ጥሩ ማስረጃ አለ፦ ያቺን ልጅ ያሠለጠንሻት አንቺ ነሽ፣ የማናጀሩ ንግግርም በቀጥታ ስለ ቦታው ነው። መቼ፣ የት፣ ማን ፊት እንደተናገረው ዛሬውኑ ጻፊው። ቀጣሪው «አክሰንቷ ሥራውን ያውካል» ማለቱ አይቀርም፤ እውነት የሚያውክ ከሆነ ሕጉም ይሰማዋል። ስለዚህ እንግዶች ያመሰገኑበትን ጽሑፍና የዓመት ግምገማሽን ሰብስቢ። በድብቅ ድምፅ እንዳትቀጂ ብቻ አደራ! ሜሪላንድ ውስጥ የሚነጋገሩት ሁሉ ሳይፈቅዱ መቅዳት ወንጀል ነው።

ስትቀጠሪ የፈረምሽውንም አውጥተሽ እዪ፤ አንዳንዱ ውል ክርክሩን ከፍርድ ቤት ወደ ግልግል ይወስደዋል።

አቤቱታው ክፍያ የለውም፣ ያለ ጠበቃም ይገባል። ካስገባሽ በኋላ ሰዓትሽን ቢቀንሱብሽ ወይም ሺፍትሽን ቢያበላሹብሽ ያንንም ከነቀኑ መዝግቢ፤ አቤት በማለትሽ መቅጣት ራሱን የቻለ ጥሰት ነው፣ ለብቻው ታቀርቢዋለሽ።