ስለ ጥንት ማዕድን፣ ብረትና ወርቅ ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን አመሻችሁ። ሙያዬ የብረታ ብረት ምርመራ ነው። እንጀራዬ የሚገኘው ከተሰበረ የማሽን ዘንግ ቢሆንም ልቤ ያለው ከጥንት ምድጃ በተረፈው ቆሻሻ ላይ ነው። በላካችሁት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአገራችን ማዕድን ማውጣት መቼ ተጀመረ?

ብረትና ወርቅ ብቻ ካላችሁ ታሪኩ አጭር ነው። ድንጋይንም ከቆጠራችሁ ግን ማለቂያ የለውም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ፤ መስታወት የሚመስለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ኦብሲዲያን፣ መሬቱን ሞልቶታል። የጥንት ሰዎች ስለታቸውን የሠሩት ከዚያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የባሌ ተራራው ፊንጫ ሐበራ ዋሻ ነው። በ2019 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ዋሻው ወደ 3,470 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ድንጋዩን የሚያመጡት ደግሞ ከዚያም ወጥተው ከ4,200 ሜትር በላይ ካለው አፋፍ ነበር፤ ያውም የበረዶ ክምር በተራራው ላይ በነበረበት ዘመን። ስንቃቸው በብዛት የተጠበሰ ፍልፈል ነበር። የባሌውን የሳነቲ አምባ በሌሊት ያለፈ ሰው ብርዱን ሳልነግረው ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ወለጋ ባለው የአጎቴ ማሳ ላይ ሲታረስ ጥቁር ከባድ ድንጋይ ይወጣል። የብረት ዝቃጭ ነው ወይስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። መጀመሪያ በእጅህ መዝነው። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲያዩት ከሚገምቱት ይቀላል፤ የብረት ዝቃጭ፣ ማለትም ብረት ከማዕድኑ ሲወጣ የሚተርፈው ቆሻሻ፣ ግን እጅን ወደ ታች ይጎትታል። ቀጥሎ ላዩን እይ። እንደ ጥዋፍ ሰም ፈስሶ፣ አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ ተደርቦ የረጋ ከሆነ ከማቅለጫ ምድጃ የወጣ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ከአፈሩ ጋር የተጋገረ የሸክላ ቁራጭ ተለጥፎበት ወይም የከሰል አሻራ ታትሞበት ከተገኘማ ብዙ አያጠራጥርም።

ክብደቱ ከየት መጣ? ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በከሰልና በወናፍ የሚሠራ የጭቃ ምድጃ እስከ 1,200 ገደማ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ብረቱ አይቀልጥም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ከማዕድኑ ይነጥቃል፤ ብረቱ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጠጣር ጓል ሆኖ ምድጃው ውስጥ ይቀራል። የሚፈሰው ሌላው ነው፤ ሲሊካው ከብረት ኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ይቀልጥና ይወጣል። በዚህ መንገድ ብዙ ብረት ሳይገኝ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል፤ ዝቃጩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የብረት ኦክሳይድ ነው። ጓሉን ደግሞ አንጥረኛው እያጋለ በመስፍ ላይ ደጋግሞ ይቀጠቅጠዋል፤ ውስጡ የቀረው ቆሻሻ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ሞክርልኝ። ዝቃጩ የወጣበትን አፈር አድርቀህ በወረቀት በተጠቀለለ ማግኔት ዳብሰው። የዓሣ ቅርፊት የሚያህሉ ስስ ጥቃቅን ቅራፊዎች ከተለጠፉ እዚያው ቦታ ላይ ብረት ይቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው፤ መዶሻው የጋለውን ብረት ሲመታ የሚረግፉ ናቸው። ማቅለጥና መቀጥቀጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደረጉም፤ ተመራማሪ ይህን ለመለየት ስንት ይደክማል። ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግን ዝቃጩ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ ከሰል ያስፈልገናል። ከሰሉ ከቀጭን ቅርንጫፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ከግዙፍ ዛፍ እምብርት የተገኘ ከሰል ምድጃውን ከእውነተኛ ዕድሜው በመቶ ዓመትም ቢሆን ሊያስረጅብን ይችላል።

እባክህ ግን አትሰብስበው። ባለበት ፎቶ አንሳ፣ አጠገቡ ለመጠን የሚሆን እስክሪብቶ አስቀምጥ፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ተናገር። ከቦታው የተነሳ ዝቃጭ ለምርምር ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነኝ። አያቴ ጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። አሁን በጣም አርጅተዋል። ምን ብጠይቃቸው ይጠቅማል?

እህቴ፣ ዛሬውኑ ጀምሪ። የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ለጎንደርና ለአካባቢው ገበሬ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ የሠሩ ናቸው፤ ዜና መዋዕሉ ግን ስለ ነገሥታት እንጂ ስለ ወናፍ ነፊ አይጽፍም። በሠሩት ማረሻ የሚያርሰው ሰው «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው እንደነበር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። ርስት የተከለከለ ሰው በእጅ ሙያ እንደሚያድር ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ እኔም የሚያሳምነኝ ይኸው ነው።

«ሕይወትዎ እንዴት ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ። በሥራው ግቢ፦ ወናፉ ከምን ቆዳ ነበር? ከሰሉ ከየትኛው እንጨት? ማረሻ ለመሥራት ስንት ጊዜ ይግላል? ብረቱን ከየት ያመጡት ነበር? የመጨረሻዋን አጥብቂያት። በ20ኛው መቶ ዘመን ብዙ አንጥረኛ ከማዕድን ማቅለጥ ወጥቶ በቁርጥራጭ ብረት፣ በተለይም በመኪና ባሌስትራ መሥራት ጀምሯል። ባሌስትራ ካርቦኑ በዛ ያለ ብረት ስለሆነ ይጠነክራል፣ በትክክል ካልተነከረ ግን ይሰነጠቃል። አያትሽ የአሮጌውን ብረት ጠባይ ከባሌስትራው ጋር አወዳድረው ከነገሩሽ ቃል በቃል ቅጂው። የሠሩት ዕቃ ቤት ውስጥ ካለም አታጽጂው፣ አታስወልውይው። ከጓል የተቀጠቀጠ ብረት በማይክሮስኮፕ ሲታይ በመዶሻው አቅጣጫ የተዘረጉ የዝቃጭ ክሮች አሉበት፤ ባሌስትራው የሉትም።

በነገራችን ላይ፣ ጁዲት ቶድ የተባለች ተመራማሪ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዲሜ ሕዝብ ብረት እንዴት እንደሚያቀልጥ ያጠናችው በ1970ዎቹ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ሥራውን የሚያውቁት አዛውንት ጥቂት ነበሩ።

ጥያቄ፦ አክሱም ወርቁን ከየት አገኘ?

የራሷ ሰዎች የቆፈሩት ብቻ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ ሳሱ ስለተባለ የወርቅ አገር ጽፏል። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎች ይልካል፤ በሬ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ ያጥሩና በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። ባለ አገሩ ይመጣል፤ የወደደው ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ወርቅ አስቀምጦ ይሸሻል። ሻጩ ከተስማማ ወርቁን ያነሳል፣ ካልተስማማ ይተወዋል፤ ገዢውም ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንዲት ቃል አይነጋገሩም። ሳሱ የት እንደነበር ግን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ጥያቄ፦ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ንጽሕናቸው ቀንሷል ይባላል። ሳይቆረጡ እንዴት ይታወቃል?

በኤክስሬይ ይመረመራሉ፤ ነገር ግን ጨረሩ የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። መሬት ውስጥ የቆየ ሳንቲም መዳብና ብሩ ከላዩ ይታጠባል፣ ወርቁ ይቀራል። ስለዚህ ከእውነቱ የጠራ መስሎ ይታያል። ጠንቃቃ ሰው በአየርና በውሃ መዝኖ ጥግግቱንም ያመሳክራል። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በእንዱቢስ የተጀመሩት ከ90 በመቶ በላይ ወርቅ ናቸው፤ በ7ኛው መቶ ዘመን የወርቅ ሳንቲሙ ሊያበቃ ሲቃረብ ግን በጣም ወርደዋል። በሌላ በኩል በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም ከመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ይለብሱ ነበር። ለገበያ መዳብ ይህን ያህል መጨነቃቸው ሁሌ ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ለምን ከብረት አልተሠራም?

ከላይ ስለ ምድጃው ያልኩትን አስታውሱ። ብረት አቅልጦ በቅርጽ ለማፍሰስ ሌላ ዓይነት ትልቅ ምድጃ ይጠይቃል፤ ነሐስ ግን በ1,000 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ቢሆንም መድፉ በተሠራበት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለው ጋፋት፣ ሥራው ቀላል አልነበረም። 7 ቶን ገደማ ለሚመዝን ሞርታር ነሐሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። ቅርጹ ጥቂት እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ነሐሱን ወደ ሰው ይረጨዋል። አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው ሚስዮናውያን ወንጌል ሰባኪና ዕደ ጥበብ አዋቂ እንጂ መድፍ አፍሳሽ አልነበሩም። ከመድፉ ሥራ ጋር ስሙ የሚነሣው የፖላንድ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆል ደግሞ የተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ ቅድመ አያት ነው፤ ዓለም ጠባብ ናት። መድፉ በ1868 መቅደላ ደርሶ እስካሁን እዚያው አለ። እኔ ይበልጥ ማየት የምፈልገው ግን ጋፋት መሬት ውስጥ የቀረውን የምድጃ ፍርስራሽ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የሰጠችኝ የማርያ ቴሬዛ ብር 1780 ይላል። በእርግጥ የዚያን ጊዜ ነው?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ያለመሆኑ ዕድል ግን ይበዛል። 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሳይለወጥ ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተቀርጿል። ጣልያን በ1935 ማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ አትማለች፤ ለንደንም ተከትላለች። ትክክለኛው 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ብዙ የብር መስቀልና ድሪ የተሠራው እሱን በማቅለጥ ነው። መጀመሪያ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝኚው፤ «ላቅልጥልሽ» የሚል ካለ እምቢ በይ።