ጋሼን ጠይቁ፦ የሞርፊ 17 እርምጃዎች

የሐዋሳ ቼስ ወዳጆች የሳምንቱ ጨዋታ፦ አሜሪካዊው የቼስ ሊቅ ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ሁለት መኳንንትን የረታበት። ሞርፊ ነጭ ነው። አከፋፈቱ (የመጀመሪያ እርምጃዎቹ) የፊሊዶር መከላከያ የሚባለው ነው፤ ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል፦ 1. ኢ4 ኢ5 2. ፈረስ ኤፍ3 ዲ6 3. ዲ4 ጳጳስ ጂ4። ጠይቁ። ኮምፒውተሩን ግን አጥፉ።

ከታቦር፦ ጋሼ፣ የጥቁር 3ኛ እርምጃ ምን ጥፋት አለው? ፈረሱን አስሮት የለ?

ጋሼ፦ ያሰረው ንግሥቲቱ ከኋላ ስላለች ነው፤ ፈረሱ ቢነቃነቅ ጳጳሱ እሷን ይበላል። ነጭ ኢ5ን ሲበላ ጥቁር በወታደር ከመለሰ፣ ንግሥቶቹ ዲ8 ላይ ይበላላሉ። ፈረሱ ተፈታ፤ ኢ5ን በነፃ ይበላል። ስለዚህ ጥቁር ጳጳሱን በነጭ ፈረስ ለመለወጥ ተገደደ።

ከመናኸሪያ፦ ለማሸነፍ ምን ላጥና?

ጋሼ፦ የተሸነፍክበትን አንድ ጨዋታ ይዘህ ና።

ከሐይቅ ዳር፦ ሞርፊ 8ኛው ላይ የቢ7ን ወታደር ለምን ተወው?

ጋሼ፦ ተባረኪ! ሰሌዳ ዘርጊ። ንግሥቱ ቢ3 ላይ ናት፤ ኤፍ7ንም ቢ7ንም ታያለች። ጥቁር ንግሥቱን ኢ7 ላይ አድርጎ ኤፍ7ን ጠበቀ። በዚያው የራሱን ጳጳስ በር ዘጋበት። ነጭ ቢ7ን ቢበላ፣ ጥቁር ንግሥት ቢ4 ላይ ቼክ ትላለች፤ ንግሥቶች ይለዋወጣሉ። ነጭ አንድ ወታደር ያተርፋል፤ ጨዋታው ግን ይረዝማል። ሞርፊ ወታደሩን ትቶ ፈረሱን ሲ3 ላይ አወጣ። እኔ ይህቺን እርምጃ ከመጨረሻው የንግሥት መሥዋዕትነት አስበልጣለሁ። አሁን መጨረሻውን እዪ። የጥቁር ኤፍ8 ጳጳስና ኤች8 ግንብ ከቤታቸው ሳይነቃነቁ አለቀ። ነጭ ከንጉሡና ከወታደሮቹ ሌላ የቀሩት አንድ ግንብና አንድ ጳጳስ ናቸው፤ ቼክሜቱም በነሱ ነው።

ከፒያሳ፦ ኮምፒውተሩ ግን 8ኛው ላይ ሌላ...

ጋሼ፦ አጥፋው አልኩ። መጀመሪያ ራስህ አስብ።

ከታቦር፦ የእኛ ሰንጠረዥ፣ የኢትዮጵያው ባህላዊ ቼስ፣ እኮ አከፋፈት የለውም። ወረራ ነው፤ ተራ ሳይጠብቁ ማንቀሳቀስ።

ከመናኸሪያ፦ ተራ የለም ማለት ስልት የለም ማለት ነው እንዴ? የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ የሌላውን አሰላለፍ እያየህ ነው የምትሰለፈው።

ከታቦር፦ እሱማ የፍጥነት ጉዳይ ነው።

ጋሼ፦ ወረራን ሌላ ቀን። ዛሬ ሞርፊ ነው።

ከአዲስ ከተማ፦ ጋሼ፣ በአጠቃላይ እንዴት ጎበዝ እሆናለሁ?

ጋሼ፦ ለመናኸሪያው ልጅ መልሻለሁ። ከላይ አንብብ።

ከሐይቅ ዳር፦ ታዲያ ይህን ጨዋታ እንዴት ላጥና?

ጋሼ፦ ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት ሸፍኚ። ግምትሽን ከነምክንያቱ ጻፊ፤ ከዚያ ግለጪ። 10ኛው ላይ ፈረሱ ቢ5 ላይ ለምን እንደተሠዋ ለሌላ ሰው እስክታስረጂ አትለፊው። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሰሌዳ ይዤ እመጣለሁ። ያንን ወረቀት አምጪልኝ።