መልስ፦ «ቮይድዎከሬ ጠላት አይዝልኝም፣ ሁሉም ወደኔ ይሮጣል» ላልከው የዋርክራፍት ክላሲክ (የኮምፒውተር ጨዋታ) ተጫዋች

ቮይድዎከር፣ ማለትም ዋርሎክ (ጠንቋዩ ገጸ ባሕርይህ) ጠርቶ የሚያዋጋው ጋኔን፣ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ቀድመህ ስለምትመታ ነው። በዋርክራፍት ክላሲክ ጠላት የሚከተለው ይበልጥ ያስቆጣውን ነው።

መጀመሪያ ቮይድዎከሩን ላክ። ቶርመንት (ጠላትን ወደ ጋኔኑ የሚስበው ችሎታ) በራሱ እንዲሠራ መበራቱን እይ፤ ጥቂት እስኪመታ እጅህን ሰብስብ። ከዚያ ከርስ ኦፍ አጎኒና ኮራፕሽን የተባሉትን አስማቶች ጠላቱ ላይ ጣልበት፤ ቀስ እያሉ ስለሚጎዱ ጠላቱ ቶሎ አይዞርብህም። ሻዶ ቦልት (በአንዴ ብዙ የሚጎዳው አስማት) ይቅርብህ፣ የቀረውን በዋንድ (በአስማት በትር) ጨርስ። ጋኔኑ ሲዳከም በሄልዝ ፈነል ከራስህ ጤና ስጠው።

ጠላቱ ሊሞት ሲል ድሬይን ሶል (ነፍስ የሚመጠው አስማት) አትርሳ። በእሱ የሚገኘው ሶል ሻርድ (የነፍስ ስባሪ) ከሌለህ ሌላ ቮይድዎከር መጥራት አትችልም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጋኔኑን አግረሲቭ (ያገኘውን ሁሉ በራሱ የሚያጠቃበት ሁኔታ) ላይ አትተወው። እዚህ ጅማ ማታ ማታ ኔት ሲንቀራፈፍ የመመለሻው ትእዛዝ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እስከዚያ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ቀስቅሶ ያመጣብሃል። ዲፌንሲቭ (ሲያጠቁት ወይም ሲያጠቁህ የሚዋጋበት ሁኔታ) ይበቃዋል።