«ልብ በል» ሲሉኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የሥራ ማመልከቻዋን ላከችልኝና «ጋሼ፣ ስለ ራሴ ስጽፍ ጠንቃቃ ልበል ወይስ አስተዋይ? ነው ሁለቱም አንድ ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር መልሼ ልተኛ ነበር፤ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሷም ለእኩዮቿም ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። የ23 ዓመት ልጅ፣ የጋዜጣ አራሚ ነበርኩ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ የሌሊት ተረኞች ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እናድራለን። በማተሚያ መኪናው ጩኸት መሀል መተኛት የለመድኩት ያኔ ነው፤ ዛሬም የሚቀሰቅሰኝ ጸጥታ እንጂ ጫጫታ አይደለም። አለቃችን ቅኔ ቤት ያደጉ ሽማግሌ ነበሩ። ቀለሙ ያልደረቀ ፕሩፍ፣ ማለትም ለእርማት የሚወጣ የሙከራ ሕትመት፣ በሰጡኝ ቁጥር «ልብ በል» ይሉኛል። ለእኔ ግን የሚሰማኝ «ተጠንቀቅ» ነበር። በትምህርት ቤት ሰልፍ «ተጠንቀቅ! አሳርፍ!» እየተባለ ላደገ ልጅ፣ መጠንቀቅ ማለት ቀጥ ብሎ መቆምና ከቅጣት መዳን ነው። እናም እጠነቀቅ ነበር። «ዓመት» በአልፋው አ ተለቅሞ ካገኘሁ የማተሚያውን ፊደል እየለቀመ የሚደረድረውን ለቃሚ መግቢያ መውጫ አሳጣዋለሁ።

አንድ ሌሊት የሐዘን ማስታወቂያ መጣ። ታናሽ ወንድም ሞቷል፤ ታላቁ የቀብሩን ሰዓት ያሳውቃል። ለቃሚው ሁለቱን ስሞች አቀያየራቸው። የእጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ባልደረባዬ እንቅልፍ ስለጣለው ብቻዬን አረምኩት። ፊደል በፊደል ሄድኩበት። «አረፉ» የሚለውን «ዐረፉ» ብዬ አስተካከልኩና ደስ ብሎኝ አሳለፍኩት። የእጅ ጽሑፉ ክርኔ ሥር ነበር፤ ከግርጌው የታላቅየው ፊርማ ከነሙሉ ስሙ ተቀምጧል። እኔ ባሳለፍኩት ፕሩፍ ላይ ሟቹ ይኸው ሰው ነው። ሟች ስለ ራሱ ሞት ፈርሞ ማስታወቂያ አስገብቷል፤ እኔ ደግሞ ዐይኑን ዐ አረምኩለት።

እናትየው ደብረ ብርሃን ነበሩ። ገና መርዶ አልተነገራቸውም፤ ሽማግሌዎች በማግስቱ ንጋት ላይ ሊያረዷቸው ተነጋግረዋል። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ የደረሰው ጋዜጣ ቀደማቸው። ጎረቤት አንብቦ እሪ አለ። እናት በሰው መኪና ማታውን አዲስ አበባ ገቡ፤ ሞተ የተባለው ልጃቸው በር ላይ ቆሞ አገኙት።

ይህን የነገረን ራሱ ልጁ ነው። ከቀብሩ በኋላ ወደ ቢሮአችን መጣ። አልጮኸም። ጋዜጣውን እያጠፈ እያጠፈ የክብሪት ቀፎ አሳክሎት ነበር። «እናቴ ለቅሶ ቤት ሳቀች» አለ። «አቅፋ ሳመችኝ፤ ተመስገን አለች። ከዚያ ድንኳኑን አየችው።»

አለቃዬ ብድግ አሉና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። ከደመወዛቸውም ተቆረጠ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ለቅሶም አልሄድኩ። የማስተካከያውን አራት መስመር ግን ሰባት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ግድፈት አልነበረበትም። አለቃዬ እስከ ዕለተ ሞታቸው ነገሩን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ቃላቱ አንድ አይደሉም። ጠንቃቃ ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ነው፤ እንዳይሰናከል፣ እንዳይነካ። የቆቅ ኑሮ እንላለን እንጂ የቆቅ አስተዋይነት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ማስተዋል ዓይንን ከራስ አንሥቶ ነገሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ልብ ማለትም የእሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለዚያች ሰዓት፣ ለዚያች ወረቀት።

ትጉህን ዛሬ ለታታሪ ሠራተኛ ብቻ ነው የምትሰጡት። ድሮ እንቅልፍ የሌለው ማለት ነበር። በግእዙ መጽሐፈ ሄኖክ ትጉሃን የሚባሉት መላእክት ናቸው፤ የማያንቀላፉት። «ትጉና ጸልዩ» የተባለውም እንቅልፍ ለጣላቸው ደቀ መዛሙርት ነው። ይህንንም ያስተማሩኝ እኒያው አለቃዬ ናቸው፤ ባልደረባዬ ባንቀላፋ ቁጥር «ትጉህ ተኛ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ንቁ የሚለው ቃል ደግሞ ብዙ መከራ አይቷል። በእኛ ጊዜ ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ እየተባለ ከመድረክ ሲወርድብን ኖረ። አሁን «ነቅቷል» የሚባለው በቀላሉ የማይሸወድ ሰው ነው፤ «ነቃሁበት» ስትሉ እሰማለሁ፣ ሰውን ሁሉ ሌባ ያደረጋችሁት ይመስል። ገንቦም ይነቃል፤ የነቃ ገንቦ ግን ውኃ አይዝም። ትኩረትንስ ተዉት፤ ሪፖርት ላይ «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚል ካነበብኩ ማንም እንዳላየው አውቃለሁ።

እናንተ በአውራ ጣት እየገፋችሁ ስለምታነቡ ልብ አትሉም ብዬ ልቆጣ ነበር። ግን ማመልከቻሽን ሦስት ጊዜ ባየው የፊደል ግድፈት አጣሁበት፤ በ23 ዓመቴ እኔ እንዲህ አልጽፍም ነበር። ጠንቃቃነትንም ያጣጣልኩት መሰለኝ። አልፈልግም። ያ ለቃሚ ትንሽ ጠንቃቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ለጥያቄሽ፦ «ጠንቃቃ» ብለሽ ጻፊ። አስተዋይነትን ሰው ይመስክርልሽ እንጂ በራስ አፍ ሲነገር ጉራ ይሆናል። ደግሞ ከመላክሽ በፊት ከላይ በስተቀኝ ያለውን ቀን እዪው። ሚያዝያ 31 ይላል።