ሰው ሠራሽ ቆሽት፦ ምሳውን ግን እናንተ ንገሩት

ሰው ሠራሽ ቆሽት የስኳር ሕመምተኞችን የደም ስኳር እየተከታተለ፣ ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ስለ እሱ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተመረጡትን እነሆ።

«በቀዶ ሕክምና ነው የሚገባው?»

አይደለም። ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ስኳር የሚለካ ሴንሰር፣ ኢንሱሊን የሚሰጥ ፓምፕ፣ በመካከላቸው ሆኖ የሚያሰላ ፕሮግራም። ሴንሰሩ በየ5 ደቂቃው የስኳሩን መጠን ይልካል፤ ፕሮግራሙ ፓምፑን «ጨምር» ወይም «አቁም» ይለዋል። አሜሪካ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ፣ ሜድትሮኒክ የተባለ ኩባንያ የሠራውን፣ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

«አሜሪካ ነው የምንኖረው። የ9 ዓመት ልጄ ዓይነት 1 ስኳር አለባት። ማሽኑ ካለ የእንጀራዋን ካርቦሃይድሬት መቁጠር ይቀርልናል?»

አይቀርላችሁም። ዓይነት 1 ማለት የገዛ ቆሽቷ ኢንሱሊን አያመርትም ማለት ነው፤ ማሽኑ ግን ቆሽትን ሙሉ በሙሉ አይተካም፣ ስሙ ትንሽ ያታልላል። ሴንሰሩ የሚለካው ደምን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ፈጣኑ ኢንሱሊንም ቢሆን መሥራት የሚጀምረው ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ ዋናው ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያም ቆይቶ ነው። የበላችው እንጀራ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ስለዚህ ከምግብ በፊት «ልትበላ ነው» ብሎ ለማሽኑ መንገር የእናንተ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉት የተፈቀደው አይሌት የተባለ መሣሪያ ቀለል ያደርገዋል፤ ግራም አይጠይቅም፣ «እንደወትሮው»፣ «ያነሰ» ወይም «የበለጠ» ማለት ይበቃዋል። ችግሩ የእኛ ገበታ ነው። አምስት ሰው አንድ ትሪ ከቦ ማን ስንት እንደበላ እንዴት ይታወቃል? ጉርሻውስ? ቢያንስ በሥራ ቀን ለእሷ በሳህን ለዩላት። የቤታችሁን እንጀራም አንዴ መዝኑትና ከሐኪሟ ጋር ሒሳቡን ሥሩ።

«ታዲያ ምን ጥቅሙ?»

እንቅልፍ! ሌሊት ምግብ የለም፣ ማሽኑ ጎበዝ የሚሆነው ያኔ ነው። ስኳሩ ሊወርድ ሲል ኢንሱሊኑን ቀድሞ ይቀንሳል።

«ፓምፑ ቢበላሽስ?»

ይህን አትናቁት። ፓምፕ ውስጥ ያለው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ መጠባበቂያ የለም። ቱቦው ከተዘጋ በሰዓታት ውስጥ ኪቶን፣ ማለትም ኢንሱሊን ሲጠፋ ደም ውስጥ የሚከማች አደገኛ አሲድ፣ ሊጠራቀም ይችላል። የኢንሱሊን መርፌ ወይም ፔን (እስክሪብቶ መሳይ መውጊያ) ሁሌ ከቦርሳ አይለይ።

«ለንደን ነኝ። ኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ይሰጠኛል?»

ዓይነት 1 ካለብዎ ይጠይቁ። ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ለማዳረስ ታቅዷል፤ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ይቀድማሉ።

«ዱባይ ነኝ። አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ገዝቼ ልላክ?»

እናትዎ ኢንሱሊን ካልጀመሩ መሣሪያው አይመለከታቸውም። ቢጀምሩም ማሽኑ ብቻውን ጥቅም የለውም፤ ሴንሰሩ በየሳምንት ሁለት ሳምንቱ፣ የፓምፑ መለጠፊያ በየ3 ቀኑ ገደማ ይቀየራል። ያን ሁሉ በሻንጣ ማን ያመላልሰዋል? ለጊዜው የስኳር መለኪያና ሳይቋረጥ የሚደርስ ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የመለኪያ ወረቀት) ይላኩላቸው።